የአያቴ የማውዘር ቤትና ሁለት የመወልወያ ዘንጎች፦ እውነተኛው የቱ ነው?

ጣናዬ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

እናቴ ባለፈው ክረምት ጣሪያ ስታስጠግን ከቆጥ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ዕቃ ወረደ። ስንፈታው የአያቴ የሽጉጥ ቤት ነው። ከእንጨት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ክዳኑ በማጠፊያ ይከፈታል። በጠባቡ ጫፍ በኩል ብረት አለው። ዙሪያውን የቆዳ ማሰሪያ አቅፎታል። ሽጉጡ የለም፤ አያቴ በሕይወት ሳሉ ለመንግሥት አስረክበውታል። ማውዘር እንደነበረ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። በጠላት ጊዜ ይዘውት ዱር ገብተዋል።

በቆዳው ጎን ረጅምና ጠባብ ኪስ አለ። እዚያ ውስጥ የብረት ዘንግ ተሰክቶ አገኘን። መወልወያው ነው ብለን ደስ አለን።

ከዚያ ሐይቁ ዳር አሮጌ ዕቃ ለሚነግድ ሰው አሳየሁት። ዘንጉን መዝዞ አገላበጠና «ይሄ የዚህ አይደለም» አለኝ። ከመሳቢያው ሌላ አወጣ። ያኛው ያብረቀርቃል። እጀታው ላይ ንስር አለበት፤ ከሥሩም ቁጥር። «ኦሪጅናሉ ይሄ ነው፤ ከዚህ ጋር ከሆነ ቤቱ እጥፍ ያወጣል» አለኝ። ቤቱን የመሸጥ ሐሳብ የለኝም። የአያቴ ዕቃ እንዲሟላ ብዬ ነው የገዛሁት። ማታ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን ልቤ አላረፈም።

ፎቶ ለጥፌያለሁ። «ሀ» ከኪሱ የወጣው ነው። «ለ» የገዛሁት ነው። እውነተኛው የቱ ነው? «ሀ»ን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ ማኅተም ይኖረው እንደሆነ ልይ ወይ?

ዕቃ ቤት (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አደራሽን አትፈትጊው። ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጪ። ያ ጥቁር ቡናማ ሽፋን ቆሻሻ አይደለም። ብረቱ ስንት ዓመት እንደኖረ የሚናገረው እሱ ነው። አንዴ ከተነሣ የሚመልሰው የለም።

ያገኘሽው ነገር ደስ ይላል። የጀርመኑ ማውዘር ሲ96 ሽጉጥ የእንጨት ቤት ይመስላል። ያ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ከሽጉጡ እጀታ ጋር ይገጥማል፤ ቤቱ ያኔ የትከሻ መደገፊያ ይሆናል። ከቆዳው ጎን ያለው ጠባብ ኪስ ደግሞ በትክክል የመወልወያው ቦታ ነው። ስለዚህ ኪሱ እውነት ነው። የሚቀረው ኪሱ ውስጥ ያለው ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፤ ስፔኖችም አስትራ 900 የሚባለውን ተመሳሳይ ሽጉጥ ሠርተው በእንዲህ ዓይነት የእንጨት ቤት ሸጠዋል። ጫፉ ብረት ላይ ቁጥር ተመትቶ እንደሆነ እይው።

ሰው ዘንግ ሲያይ ቶሎ ማኅተም ይፈልጋል። እኔ ማኅተምን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። ለመኮረጅ ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነዋ። መጀመሪያ የማየው ዘንጉ ሥራውን መሥራት ይችል እንደሆነ ነው። የመደበኛው ሲ96 አፈሙዝ 140 ሚሊሜትር ይረዝማል። ጥይቱ ባለ 7.63 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ዘንጉ ከ140 በላይ መርዘም አለበት፤ አለዚያ ጨርቁ ወዲያ ማዶ አይደርስም። ጨርቅ ተጠምጥሞበት ስለሚገባም ከቀዳዳው በደንብ መቅጠን አለበት። ይህን የማያሟላ ዘንግ ንስርም ይኑረው አንበሳ የማውዘር መወልወያ አይደለም።

በካሊብሮ (በውፍረት መለኪያው) ለክተሽ ንገሪን። ሁለቱንም።

ቶርኖ ቤት (ባሕር ዳር)

የአገሬ ልጅ፣ እኔ ስለ ሽጉጥ የማውቀው ጥቂት ነው። ስለ ብረት ግን ትንሽ እናገራለሁ። ሙያውን የተማርኩት ፖሊ (ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ) ነው። ፖሊ በሶቪየቶች እርዳታ ሲከፈት መሠረቱ የተጣለው እንዲህ ያለ የእጅ ሙያ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቶርኖ ተለይቼ አላውቅም።

የ«ለ»ን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ሁለት ነገር አልጣመኝም።

አንደኛ እጀታው። ቀለበቱ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ጉብታ አለ። አጠገቡ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ያ የኤሌክትሪክ ብየዳ ትፍታፊ ነው። በሊማ ሊያስተካክለው ሞክሯል፤ ሥር ያሉትን ግን አላገኛቸውም። ከመቶ ዓመት በፊት ፋብሪካ የሠራው ዘንግ ላይ ይሄ ምን ያደርጋል?

ሁለተኛ ውፍረቱ። በፎቶው ከጎኑ ካስቀመጥሽው ክብሪት ጋር ሳስተያየው ልክ ባለ 6 ቶንዲኖ ይመስላል። ቶንዲኖ በእሳት ተድጦ የሚወጣ ብረት ነው። ቆዳው ላይ ጥቁር ቅርፊት ይኖረዋል፤ ቅርፊቱ ሲነሣ ደግሞ ፊቱ ትንንሽ ጉድጓድ ይሆናል። ለዚህ ነው አንጸባራቂ ቅብ የቀቡት። ቅቡ ሰማያዊ ብርሃን ከሰጠ ክሮም ነው። ክሮም ቅብ ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን ከሰጠ ኒኬል ነው፤ እሱ ቀድሞም ነበር። ጠዋት በፀሐይ ከነጭ ወረቀት አጠገብ አድርገሽ እይው።

ጣናዬ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካሊብሮ ከጎረቤት ተውሼ ለካሁ።

«ለ» ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ነው። ከላይ እስከ ታች እኩል። ርዝመቱ ከ140 ይበልጣል። ብርሃኑ ሰማያዊ ነው። ነጠብጣቦቹን አሁን በዓይኔ አየኋቸው፤ ካላወቁ አይታዩም!

«ሀ» ይቀጥናል። ጨርቅ የሚገባበት ሞላላ ቀዳዳ በአንዱ ጫፍ አለው። በሌላው ጫፍ ታጥፎ እጀታ ሆኗል። የእጀታው መጨረሻ ደግሞ ተቀጥቅጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። ልክ እንደ ትንሽ ካቻቢቴ። ማኅተም አላገኘሁበትም። የሽጉጡ ቤት ጫፍ ብረት ላይ ግን ቁጥር አለ።

ጎንደሬው

ማኅተም የሌለው ከሆነ «ሀ» የአገር ቤት ሥራ ነው። ጀርመን ብሎን እንኳ ሳያትም አይለቅም። እኔ ከ«ለ» ጋር ነኝ። ብየዳ ቢኖርበት በኋላ ተሰብሮ ተጠግኖ ይሆናል።

ዕቃ ቤት

ወንድሜ ጎንደሬው፣ የተጠገነ ዕቃ መኖሩ እውነት ነው። ግን ያ ንስር ራሱ አይመጥንም። ከሥሩ ቁጥር ያለው ንስር የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1945 ባለው ጊዜ በጀርመን ጦር ተቆጣጣሪዎች ዘንድ ነው። በካይዘሩ ዘመን ተቆጣጣሪው የሚመታው ዘውድና ከሥሩ ፊደል ነበር። የጣናዬ አያት ሽጉጡን ይዘው ዱር የገቡት በ1928 ከሆነ፣ የተሠራው ከዚያ በፊት ነው። በዚያ ላይ ሲ96 በአብዛኛው ለገበያ የተሸጠ ሽጉጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ነጋዴው፣ መንገደኛው፣ መኮንኑ በገዛ ገንዘቡ ይገዛው ነበር። የጦር ማኅተም የሌለው ብዙ ነው። ማኅተም የሌለው እውነተኛ ዘንግም እንደዚያው ብዙ ነው።

ደግሞ ማኅተሙ እንዴት እንደተሠራ እይ። በብረት ማኅተም የተመታ ከሆነ ብረቱ ወደ ጎን ይገፋል። የምልክቱ ዳርና ዳር ስስ ከንፈር ይሠራል። ጥፍርሽን በቀስታ ስትጎትቺበት ይይዝሻል። በሻጋታ የፈሰሰ ከሆነ ጥጉ ሁሉ የለሰለሰ ነው። በሌዘር የተቃጠለ ከሆነ የጉድጓዱ ወለል ጠፍጣፋና የተለበለበ ነው።

የድሮ ጠጋኝ (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ ጣናዬ፣ ሰላም ለአንቺና ለእናትሽ።

እኔ በጦሩ ውስጥ የመሣሪያ ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ዓይኔ ደክሟል፤ የልጅ ልጄ ፎቶውን አጉልቶ አሳየኝ። «ሀ»ን እንዳየሁት አወቅኩት። እጄ ላይ ስንት ሺህ ጊዜ አልፏል።

ይሄ ማካሮቭ የሚባለው የሶቪየት ሽጉጥ መወልወያ ነው። አስተማሪዎቻችን ፕሮቲርካ ይሉት ነበር። እኛም በዚያው ስም ነበር የምንጠራው። በአንድ ጫፉ ያለው ቀዳዳ ለጨርቅ ነው። ያ ጠፍጣፋው ጫፍ ደግሞ በከንቱ አልተቀጠቀጠም። የማካሮቭ እጀታ ከኋላ በኩል በአንዲት ቪቲ ብቻ ነው የሚታሰረው። ወታደሩ ሌላ ካቻቢቴ ሳይፈልግ ቪቲዋን በዚያ ጫፍ ይፈታታል። ጽዳትም፣ መፍታትም፣ መግጠምም በአንዷ ዘንግ። ቦታዋ ማኅደሩ ውስጥ ከክዳኑ ሥር ባሉት የቆዳ ቀለበቶች ነበር። ወታደር ፕሮቲርካውን ከጣለ ይጠየቅባታል።

ስለዚህ «ሀ» የአገር ቤት ሥራ አይደለም። ሐሰትም አይደለም። እውነተኛ የጦር ሠራዊት ዕቃ ነው። የማውዘሩ ግን አይደለም። ማካሮቭ በሶቪየት ጦር ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። አያትሽ ዱር ሲገቡ ገና አልተፈጠረም። አፈሙዙም ከማውዘሩ በጣም ያጥራል፤ 93 ሚሊሜትር ያህል ነው። ዘንጉም በዚያው ልክ ነው የተሠራው።

ከቤታችሁ ወታደር የነበረ ሰው አለ?

ጣናዬ

አባባ፣ እንዴት እንደማመሰግንዎ አላውቅም። ጥያቄዎን ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር። አልተመለሰም። እኔ አላየሁትም። እናቴ ስለ እሱ ብዙ አታወራም። ዛሬ ማታ እጠይቃታለሁ።

ዜጌ ማዶ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፤ ይቅርታ። እኛ ቤት በጣም የቆየ ሽጉጥ ቅሪት አለ። እንጨቱና አፈሙዙ ብቻ ነው። ከአፈሙዙ ሥር ዘንግ ተሰክቷል፤ በማጠፊያ ስለተያያዘ አይወጣም። ይሄም መወልወያ ነው?

ዕቃ ቤት

አይደለም። ያ የማጉረሻ ዘንግ ነው። ከአፍ በሚጎረሱት ሽጉጦች ባሩዱንና እርሳሱን ወደ ውስጥ የሚጠቀጥቁበት። ፈረሰኛ በግልቢያ ላይ እንዳይጥለው ነው በማጠፊያ የሚያያዘው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ያለፉበት ዘመን የእነዚህ ጊዜ ነበር። ያለ እሱ መሣሪያው ስለማይጎርስ ከሽጉጡ ጋር አንድ አካል ነው፤ ለብቻው አትነጥለው።

ሌላም የሚያሳስት አለ። ናጋንት በሚባለው የሩስያ ሽጉጥ ላይ ቀለሃ የሚገፋ ቀጭን ዘንግ አለ። በከበሮው መሐል ነው የሚቀመጠው። ተነቅሎ ሲገኝ ሰው መወልወያ ነው ብሎ ይገዛዋል። መለያው ቀላል ነው፤ ጨርቅ የሚያስሩበት ቀዳዳ የለውም።

አፈሙዙ ቅሪት ቢሆንም ሄደህ ሕጉን ጠይቅ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያን በፈቃድ ነው የሚያስይዘው። ቀድሞ ማስታወቅ ይሻላል።

ቶርኖ ቤት

ጋሼ የድሮ ጠጋኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ሁሉ ጊዜ ለአንዲት ዘንግ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ምንድነው? እኔ ብረት ስለሠራሁ ብቻ ነው የማየው።

የድሮ ጠጋኝ

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። የድሮው ጥይት መቀጣጠያ ጨው የሚተው ቅመም ነበረው። ፖታሲየም ክሎሬት ይባላል። ሲተኮስ ወደ ጨውነት ይለወጥና አፈሙዙ ውስጥ ይለጠፋል። ጨው ደግሞ እርጥበት ይጠራል። ማታ የተኮሰ ሰው ካልወለወለ በጥቂት ቀን ውስጥ ጥምዙ ቦይ ዝገት ይይዛል። ዘይት ብቻውን አይበቃም፤ ጨው በዘይት አይሟሟም። በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ በጨርቅ ደርቆ፣ ከዚያ ነው ዘይት የሚነካው። ይህን ሁሉ ያለ ዘንግ አትሠራውም። ዘንግ የሌለው መሣሪያ ዓመት አይከርምም ነበር። በጣና ዳር እርጥበት ደግሞ ይብሳል።

ለዚህ ነው እውነተኛ ዘንግ የሥራ ምልክት የማያጣው። አፈሙዙን በየቀኑ ስለሚታከክ ወገቡ ይለሰልሳል። የጨርቁ ቀዳዳ ከንፈር ይዶለዱማል። እጀታው ጣት የሚያርፍበት ላይ ይጠራል፤ ከታች ጠቆር እንዳለ ይቀራል። አስመሳዩ ሙሉውን እኩል ያዝገዋል። በአሲድ ያዛገው ዝገት ብርቱካናማ ነው፤ እንደ ዱቄት ጣት ላይ ይወጣል። የዘመን ዝገት ጥቁር ቡናማ ነው፤ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል።

«ሀ» ላይ ይሄ ሁሉ አለ። የያዘው ሰው ጎበዝ ወታደር ነበር። ጣናዬ፣ ይህን ለእናትሽ ንገሪልኝ።

ሰናይት (መቀሌ)

እኔ ቆዳ ነው የምሠራው። ማንም ኪሱን ራሱን አላየም። ጣናዬ፣ የስልክሽን መብራት ወደ ኪሱ ውስጥ አብሪ። ቆዳ የያዘውን አይረሳም። ለዓመታት አንድ ብረት ከተቀመጠበት ቅርጹ ይቀራል፤ ጥቁር መስመር ሆኖም ይታያል፤ የቆዳ ማልፊያውና ብረቱ ሲገናኙ ነው የሚጠቁረው። ነሐስ ከነበረ ደግሞ አረንጓዴ ቅባት ይተዋል። መስመሩ የት ድረስ እንደሚወርድ ለኪው።

ኪሱን በኃይል አትክፈቺ። ደርቆ ከሆነ ይሰነጠቃል።

ጣናዬ

ሰናይት እህቴ፣ ያልሽውን አደረግኩ። ሁለት መስመር አለ!

አንዱ ደብዛዛና ሰፋ ያለ ነው። እስከ ኪሱ ታችኛ ስፌት ይወርዳል። ሌላው ከላዩ የተደረበ፣ ቀጠን ያለና ጥቁር ነው። እሱኛው ከታች ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ይቆማል። «ሀ»ን ስሰካው ጫፉ ልክ እዚያ ላይ አረፈ። «ለ» ደግሞ ከሁለቱም ጋር አልገጠመም፤ እጀታው ስለሚወፍር ኪሱ አፍ ላይ ይቆማል። ነጋዴው ሰክቶ አላሳየኝም ነበር። እኔም አልጠየቅኩም።

ዕቃ ቤት

ይኸው ነው። ደብዛዛው መስመር የማውዘሩ ዘንግ የኖረበት ነው። እሱ ጠፍቷል። ጥቁሩ የማካሮቩ ነው፤ እሱም ለመስመር የሚበቃ ረጅም ዓመት እዚያው ተቀምጧል። ትናንት ሰው የሰካው አይደለም። ጣናዬ፣ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አንድም ማኅተም አይሰጥሽም። እባክሽ የኪሱን ውስጥ ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ።

ጎንደሬው

ተሳስቻለሁ። ጋሼ የድሮ ጠጋኝ፣ ብዙ ተማርኩ። እኔም ቤት ንስር ያለበት ዘንግ አለኝ፤ ነገ ጠዋት እለካዋለሁ።

ሰናይት

ስለ አቀማመጥ አንድ ልጨምር። ዘንጉን ቆዳው ውስጥ አታስቀምጪው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ብረቱን ይበላዋል። ለብቻው በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልይው፤ ከቤቱ ጋር በአንድ ሣጥን ይሁን። የኑግ ዘይት እንዳትቀቢው። ኑግ ሲቆይ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይሆናል፤ አቧራም ይይዛል። ቅቤና ሞራም ሲበላሹ ኮምጣጣ ይሆናሉ። ስስ የማሽን ዘይት በጨርቅ አሽተሽ፣ መልሰሽ መጥረግ ይበቃል። ለቆዳው ምንም አትቀቢ። ከፀሐይና ከምድጃ ይራቅ፤ ክረምት ሲገባ አየር ይንካው።

ጣናዬ

ከሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ።

«ለ»ን ለነጋዴው መለስኩለት። ካሊብሮውን ይዤ ነበር የሄድኩት። ብየዳውን አሳየሁት፤ ኪሱ ላይም ሰክቶ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ብዙ አልተከራከረም። ከገንዘቤ ገሚሱን ነው የመለሰልኝ። ይሁን።

ከዚያ እናቴን ጠየቅኳት። አባባ የጻፉትን ቃል በቃል አነበብኩላት። «የያዘው ሰው ጎበዝ ወታደር ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ ድገሚው አለችኝ። ደገምኩላት።

እንዲህ አለችኝ። ወንድሟ ለመጨረሻ ጊዜ ለእረፍት ሲመጣ አያቴ በረንዳ ላይ ማውዘሩን ፈትተው ዘርግተው ነበር። መወልወያቸው በጠላት ጊዜ ዱር ውስጥ ጠፍቶባቸዋል። በጨርቅና በቀርከሃ ስንጥቅ ነበር የሚወለውሉት። አጎቴ ይህን ሲያይ የራሱን አውጥቶ ሰጣቸው። አያቴ «አንተስ ምን ትሆናለህ?» አሉት። «ሌላ እጠይቃለሁ» አላቸው። አጭር ስለነበረ ከአፈሙዙ ወዲያ ማዶ አይደርስላቸውም። አያቴ ግን ከዚያ በኋላ ቀርከሃውን ጣሉት። እስኪደርስ ድረስ በእሱው ይወለውሉ ነበር፤ የቀረውን ደግሞ ጨርቁን በውሃ እየገፉ። ሽጉጡን ሲያስረክቡ ቤቱንና ዘንጉን እንዲያስቀሩ ለምነው ነው የተፈቀደላቸው።

እናቴ ዘንጉን ከእጄ ወሰደችው። እጀታው የጠራበት ቦታ ላይ አውራ ጣቷን አሳርፋ ብዙ ቆየች። ሰናይት እንዳለችው ነጭ ነጠላ ቀድዳ ጠቀለለችው። ጆንያውን ጥላ ቤቱን ከእሱ ጋር ሣጥኗ ውስጥ ከፎቶው አጠገብ አስቀመጠችው።

አባባ የድሮ ጠጋኝ፣ እናቴ ሰላም ትልዎታለች። ባሕር ዳር ከመጡ ቤታችን ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። ቡና ይጠጣሉ።

የድሮ ጠጋኝ

ልጄ፣ ለጥምቀት የልጅ ልጄ ያመጣኛል። ለእናትሽ እጅ ንሺልኝ። ዘንጉን ሳየው ስንት ዓመተ ምሕረት የወጣ እንደሆነ ልነግራት እሞክራለሁ።